በጎረቤት ስም የበሰለ ሥጋ

ሥጋ በወፍራሙ መጥበስ የተማርኩት ላሊበላ ነው። ከሰቆጣ ሥራ ፍለጋ ወጥቼ ፈረንጆች የሚያርፉበት አንድ ሆቴል ውስጥ ሰሃን አጣቢ ሆኜ ገባሁ። ቆይቼ ሽንኩርት ከታፊ ሆንኩ፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ደግሞ የጥብሱ ምድጃ ፊት ቆምኩ። ያስተማሩኝ ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ሽማግሌ ምግብ አብሳይ ነበሩ። ብዙ አያወሩም። መጀመሪያ ቀን አውራ ጣቴን ከሌባ ጣቴ ጋር አገናኝተው ከአውራ ጣቴ ሥር ያለውን ሥጋ ጫን ጫን አደረጉና፣ «ለብለብ ሲሆን እንዲህ ነው» አሉኝ። ቀጥለው የመሃል ጣቴን አስያዙኝ። «መካከለኛው ይህ ነው።» በመጨረሻ ትንሿን ጣቴን አስያዙኝ። «ይሄ ደግሞ የጫማ ሶል ነው። ሶል የሚወድ እንግዳ አለ። አትፍረድበት፣ ሥራለት።»

እንግዶቹ ስቴክ ይሉታል፤ እኛም ስቴክ እንል ነበር። እኛ ሥጋን ከትፈን፣ ቆራርጠን፣ ከሽንኩርት ጋር አቁላልተን ነው የምናውቀው። አንድን ሙዳ እንዳለ እሳት ላይ ጥሎ፣ ሳይነካኩና ሳያማስሉ መጠበቅ መጀመሪያ ላይ ያስፈራል። ማማሰያ የለመደ እጅ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም። ሽማግሌው እጄን በፎጣ መታ እያደረጉ አስተውኝ።

ያን ሥራ ወደድኩት። በማጀቱ መስኮት በኩል እንግዳው የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲውጥ አይ ነበር። አንዳንዱ ዓይኑን ይጨፍናል። ማን እንደሠራው አያውቅም፤ እኔ ግን አውቃለሁ፤ ያ ይበቃኝ ነበር።

ከዚያ የኮሮና በሽታ መጣና እንግዳ ቀረ። ከበሽታው ኋላ ጦርነቱ መጣና መንገዱ ራሱ ቀረ። ሆቴሉ ሲዘጋ ሽማግሌው ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት አንዱን ወፍራም የብረት መጥበሻ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ሳሙና አታስነካው» አሉኝ። መሰነባበቻችን ይኸው ነበር።

እናቴ የሞተችው መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት በጠፋበት ወቅት ነው። አልደረስኩም። ሰቆጣ ስገባ አባቴን ከከተማው ጫፍ ባለችው ቤታችን ደጃፍ ላይ፣ ጉልበታቸውን በነጠላ ጠቅልለው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ገበሬ ነበሩ፤ ጉልበታቸው እንቢ ሲል መሬቱን ለዘመድ በእኩል ሰጥተው ወደ ከተማው ተጠግተው ነበር። እህቴ ከባሏ ጋር ራቅ ብላ ፃግብጂ ወረዳ ነው የምትኖረው። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ልጆቿን ትታ እየተመላለሰች ስታስታምማቸው ከርማ ነበር፤ እኔ ስመጣ ባሏ ላከባትና ሄደች። ሁለታችን ቀረን።

ከመናኸሪያው ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ ያገኘኝ የሰፈር ሰው ሁሉ፣ «እንኳን ደህና ገባህ ሥራ አስኪያጁ» ይለኝ ነበር። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ማታ አባቴን ጠየቅኋቸው።

«ሰዎቹ ለምንድን ነው ሥራ አስኪያጅ የሚሉኝ?»

«ሆቴል አልነበርክም?»

«ማጀት ነው የነበርኩት፣ አባዬ። ያውቃሉ እኮ።»

«የት ክፍል እንደነበርክ ማን ጠየቀህ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ባደጉበት አገር ወንድ ልጅ ማጀት ከገባ ያ ቤት ሰው የለውም ማለት ነው። ወንድ ያርዳል፣ ይገፍፋል፣ ብልት ያወጣል፤ ድስቱን ግን ሴት ናት የምትጥደው። ልጃቸው የሰው ምግብ አብስሎ እንደሚኖር ሲሰሙ እናቴን ከሰሷት፤ «ሴታውል አድርገሽ ያሳደግሽው አንቺ ነሽ» ብለው። ለሰው ግን ሥራ አስኪያጅ ነው አሉ። በዓመት አንዴ ለጥቂት ቀን ስመጣ እኔ ከቤት ስለማልወጣ አልሰማሁም። እናቴ ሰምታለች። እሷም አልነገረችኝም።

አሁን ግን ቤቱ ውስጥ ምድጃ የሚነካ ሌላ ሰው አልነበረም። እንጀራውን ጎረቤታችን ትጋግርልናለች። ባሏ የሞተባት፣ ከእኔ በዕድሜ ከፍ ያለች፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ፍየሎቿ ከቤታችን ጀርባ ባለችው የአባቴ ቁራሽ መሬት ላይ ይግጣሉ፤ በምላሹ እንጀራ ታመጣለች። ወጡን የምሠራው እኔ ነበርኩ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጾም ሲፈታ ደግሞ ሥጋው። አባቴ ይበላሉ። ጣፈጠም አልጣፈጠም ብለው አያውቁም፤ ሰሃኑን ግን ጠርገው ነው የሚመልሱት። ሰው ደጅ ላይ ሲያስል ከሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ግቡ፣ ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» ይላሉ። ይህ ለእኔ ምልክት ነው። ድስቱን አውርጄ፣ እጄን ጠርጌ፣ ወጥቼ ሬዲዮ አጠገብ እቀመጣለሁ። ጎረቤታችን መሶብ ይዛ ስትገባና ስትወጣ ሰው ስለሚያይ፣ ወጡም የእሷ ነው ብሎ ማሰብ ለሁሉም ቀላል ነበር።

ጎረቤታችን ታውቅ ነበር። አንድ ቀን እንጀራ ስታመጣ ሽንኩርት እየላጥኩ አገኘችኝ። ቢላዋውን ከእጄ ወስዳ ስትቀጥል፣ «ተዪው እታለም፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አልኳት።

«ዓይንህ እንዳይቀላ ብዬ ነው» አለች። «አያ ያለቀስክ ይመስላቸዋል።» አባቴን አያ ነበር የምትላቸው።

በዚያው ዓመት ከአንድ ቄስ ልጅ ጋር ተዋወቅሁ። እዚያው ከተማው ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ባጃጇ ዳገቱ ላይ ተበላሽታ አብረን ወረድንና በእግር ቀጠልን። ሥራዬን ጠየቀችኝ። «ምግብ አብሳይ ነበርኩ፤ አሁን ያገኘሁትን የቀን ሥራ እሠራለሁ» አልኳት። አልሳቀችም። ምን ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሥጋን ሳያማስሉ ስለመጥበስ ስነግራት ቆም ብላ ሰማችኝ፤ «እኔ እጄ ለወጥ አይረባም፤ እናቴ ተስፋ ቆርጣብኛለች» አለች። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተገናኘን። ስናወራ እሷ የአገራችንን ቋንቋ ኽምጣና ስትቀላቅል እኔ አማርኛ ስመልስ፣ ከዚያ ተቀያይረን፣ ሳናውቀው ቤት እንደርስ ነበር።

ላገባት እንደምፈልግ ለአባቴ ስነግራቸው በጣም ተደሰቱ። የካህን ልጅ፣ የተማረች፣ ከታወቀ ቤት። ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌዎቹ ምን እንዳሉ የሰማሁት ከእሷ ነው።

«የትልቅ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ የነበረ ብለው ነው ያቀረቡህ» አለችኝ። «እኔ ዝም አልኩ። አባቴ ግን ውሸት አይወዱም። ቤታችሁ ሲመጡ አንተው ንገራቸው። ከአንተ አፍ ይስሙት።»

«እነግራቸዋለሁ» አልኳት። እንዴት እንደምነግራቸውም አሰብኩ። በወሬ አይደለም። ሠርቼ፣ አቅርቤ፣ በልተው፣ ከዚያ።

አባቴ ቄሱን ለዳግም ትንሣኤ ጋበዟቸው። ዶሮ ወጡን ጎረቤታችን እንድትሠራ ተነጋገሩ። እኔም ከፋሲካ በኋላ ባለው ዓርብ ጠዋት፣ «ሥጋ ደግሞ እኔ እሠራለሁ» አልኳቸው።

አባቴ ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «የምትሠራውን ሥራ» አሉ በመጨረሻ። «እንግዳው ሲገባ ግን ማጀት እንዳላይህ።»

ከፋሲካው ቅርጫ የደረሰን ሥጋ አልቆ ነበር፤ ባያልቅም ለእኔ ሥራ አይሆንም። ቅርጫ ላይ ሁሉም ብልት ለሁሉም ሰው እኩል ይከፋፈላል፤ ጭቅናው ሳይቀር ተቆራርጦ በየመደቡ ይበተናል። ለስቴክ ደግሞ ጭቅናው እንዳለ፣ ሳይነካ ነው የሚፈለገው። ስለዚህ ወደ ሥጋ ቤት ሄድኩ። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ዓርብም ይታረዳል። ባለ ሥጋ ቤቱ ጭቅናውን አውርዶ ቢላዋውን አነሣ።

«ለጥብስ ነው? ልቆራርጠው?»

«አይ፣ እንዳለ ስጠኝ። ስቡንም እንዳትነካው።»

«ይህን የሚያህል ሙዳ ለማን ጉሮሮ ነው?» ብሎ ሳቀና በወረቀት ጠቀለለልኝ።

ቤት ወስጄ ከግድግዳው ጥላ በኩል፣ ነፋስ በሚገባበት ጓዳ ውስጥ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ ሰቀልኩት። ከታረደ በኋላ ሙቀቱ ሳይወጣለት የተጠበሰ ሥጋ ይኮማተራል፤ ትንሽ ማረፍ አለበት። የሰቆጣ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ ከማቀዝቀዣ አይተናነስም። አባቴ ቅዳሜ ጠዋት ምርኩዛቸውን ይዘው ገብተው አዩት።

«ለቄስ ያደረ ሥጋ ልታበላ ነው?»

«ሲያድር ነው የሚለሰልሰው፣ አባዬ።»

«ሥጋ የሚለሰልሰው ሊሸት ሲል ነው» አሉና ወጡ። ግን አውርደው አልጣሉትም። ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ገቡ። አፍንጫቸውን አስጠግተው አሸተቱትና ጨርቁን መልሰው ሸፍነው ወጡ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሥራ ጀመርኩ። ጭቅናውን ከሥጋው ክሮች አግድም፣ ሁለት ጣት ውፍረት አድርጌ ቆረጥኩ። አንድ ለቄሱ፣ አንድ ለአባቴ፣ አንድ ለእኔ። ጨው ነስንሼ ተውኩት። ጨው ሲነሰነስበት መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ውኃ ያወጣል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ይደናገጥና እሳት ላይ ይጥለዋል። ታግሠው ከጠበቁት ያን ውኃ መልሶ ይጠጣዋል። ከጠጣው በኋላ በጨርቅ ድርቅ እስኪል ጠረግኩት። እርጥብ ሥጋ መጥበሻ ላይ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

ከሰሉን ደህና አድርጌ አራገብኩ። መጥበሻውን ጣድኩና ጭሱ እስኪነሣ ተውኩት። ጠብታ ዘይት፣ ከዚያ ሥጋው። ያ ድምፅ መጣ። ላሊበላን ከለቀቅሁ ጀምሮ ያን ድምፅ አልሰማሁትም ነበር። ሥጋውን አልነካሁትም። ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ወደ ላይ ሲወጣ ገለበጥኩት። ለጋ ቅቤ ጣልኩ፤ ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጩ ጨፍልቄ ጨመርኩ፤ ከደጃችን የቀነጠስኩትን የጥብስ ቅጠል ጨመርኩ። መጥበሻውን ዘንበል አድርጌ የቀለጠውን ቅቤ በማንኪያ እየቀዳሁ ላዩ ላይ አፈሰስኩ፣ ደግሜ አፈሰስኩ። ቅቤው ፈንጥቆ አንጓዬን አቃጠለኝ። በጣቴ ጫን አድርጌ አየሁት። መካከለኛ። አወጣሁና ሰሃን ላይ አሳረፍኩት።

ያን ጊዜ አባቴ ከሳሎን በኩል፣ «ግቡ፣ ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» ሲሉ ሰማሁ።

ሥጋው ማረፍ ነበረበት። ቶሎ ከተቆረጠ ጭማቂው ሁሉ ሰሃን ላይ ይፈስና ሥጋው ባዶውን ይቀራል። እጄን ታጥቤ ወጣሁ፤ የቄሱን መስቀል ተሳለምኩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጃቸው ትምህርት ቤት፣ በጦርነቱ ጊዜ ስለተጎዳው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አወሩ። ጎረቤታችን መሶቡን አቀረበች፤ ዶሮ ወጡ ወጣ። እኔ ጓዳ ገብቼ ሥጋውን ከተፍ ከተፍ አደረግኩት። መሃሉ ልክ እንደሚገባው ቀላ ብሎ፣ ዳሩ ጠቆር ብሎ ነበር። አዋዜ ጎን አድርጌ አቀረብኩ።

ቄሱ ባረኩና አንድ ቁራጭ አነሡ። አኘኩ። ሁለተኛ አነሡ። አባቴም አነሡ። የአባቴ ጥርስ ብዙው ረግፏል፤ ሥጋ ሲበሉ ሁልጊዜ በአንድ ጎን አላምጠው አላምጠው በመጨረሻ አውጥተው የሚያስቀምጡት ነገር አለ። ያን ቀን ምንም አላስቀመጡም።

«እንዲህ ያለ ሥጋ በሕይወቴ በልቼ አላውቅም» አሉ አባቴ፤ ሰው መኖሩን የረሱ ይመስሉ ነበር።

ይህን ቃል ለመስማት ስንት ጊዜ እንደጠበቅሁ ለማንም መናገር ይከብደኛል።

«እውነት ነው» አሉ ቄሱ። «የማን እጅ ነው?»

አባቴ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት፣ «እኔ ነኝ የሠራሁት፣ አባ» አልኩ። «ሥራዬ እሱ ነው። ላሊበላም ሆቴል ውስጥ ይህንን ነበር የምሠራው። ሥራ አስኪያጅ አልነበርኩም።»

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አላየሁም፤ እንዲያውም ሊናገሩ አፋቸውን ከፈት አድርገው ነበር። አባቴ ግን ቀደሟቸው። ሳቁ። አባቴ ከእናቴ ሞት በኋላ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም።

«ይቀልዳል» አሉ። «ይሄ ልጅ ቀልድ አያልቅበትም፣ አባ። ሴት በሞላበት አገር እሱ ማጀት ምን ያደርጋል?» ከዚያም ወደ ጓዳው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጎረቤታችንን ጠሩ።

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች።

«ሥጋው ያንቺ እጅ ሥራ መሆኑን ለአባ ንገሪያቸው» አሉ አባቴ። «ይሄ እኔ ነኝ እያለ ሊያሾፍብሽ ነው።»

አባቴን አየቻቸው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። አንጓዬ ላይ የቅቤው ቃጠሎ ቀልቶ ነበር፤ ዓይኗ እዚያ ላይ አረፈ። ፍየሎቿ፣ ባሏ የሞተ ጊዜ ቀብሩን ያሟሉላት አባቴ፣ ይህ ሁሉ በጭንቅላቷ ሲያልፍ ያየሁ መሰለኝ።

«አዎ፣ አባ» አለች ወደ መሬት እያየች። «እኔ ነኝ።»

ቄሱ እሷንም እኔንም አዩ። ቆይተው መስቀላቸውን አወጡ። «እጅሽን ይባርክልሽ። ማጀትሽ አይጉደል» አሉ። ጎንበስ ብላ ተሳለመች።

እኔ ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። የእኔ ድርሻ ሰሃን ላይ ነበር። ስቡ ረግቶ ነጭ ሆኗል። አልበላሁትም። ለማን እንደሰጠሁት እንኳ አላስታውስም።

ቄሱ ሲሄዱ አባቴን፣ «ለምን?» አልኳቸው።

«አንተ ለምን?» አሉኝ። «ልድርህ ስለፋ በእንግዳ ፊት ታዋርደኛለህ?»

«ጣፈጠዎት። በአፍዎ ተናግረዋል።»

«ሥጋው ጥሩ ነው አልኩ። አንተን አላልኩም።»

ጎረቤታችን ለሁለት ቀን ያህል ቤታችን አልመጣችም። ከዚያ አንድ ጠዋት ነጠላዋን መስቀለኛ ለብሳ ደጃፋችን ላይ ቆመች። አባቴ ተኝተው ነበር።

«ወደ ቄሱ ቤት ልሄድ ነው» አለችኝ። «ማተብ አለኝ። የሰው ምርቃት ወስጄ እንቅልፍ እንቢ አለኝ።»

«አባቴ ይጣሉሻል፣ እታለም።»

«ይጣሉኝ። ፍየሎቼ ሌላ ቦታ ይግጣሉ።» ጥቂት ሄዳ ተመለሰች። «ትዳርህን እንዳላበላሽብህ ነው የምፈራው።»

«ሂጂ» አልኳት። ምን ልበላት። እኔ የተናገርኩትን እውነት ደግማ ልትናገር ነበር የምትሄደው።

በሳምንቱ ቄሱ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ መንገድ ላይ ጠበቁኝ። ከአንድ ዋርካ ጥላ ሥር ቆምን። ስለ ምግብ ሥራዬ ምንም አልከፋቸውም ነበር።

«እኛ ካህናት እኮ ቤተ ልሔም ገብተን ስንዴ እየፈጨን፣ ኅብስት እየጋገርን ነው ያደግነው» አሉኝ። «ለእግዚአብሔር የሚጋግር ወንድ ነው። ለሰው መጋገር ምን ነውር አለው? ያን ቀን እጅህን ልባርክ ነበር ያሰብኩት።»

«ታዲያ፣ አባ…»

«ልጄ፣ ስማኝ» አሉ። «አንተ እውነቱን ተናግረሃል፤ ሴትየዋም ነግራኛለች። አንተን አልጠላሁም። አባትህ ግን በዓይኔ ፊት፣ በማዕድ ላይ፣ ልጃቸውን ካዱ። የገዛ ልጁን የካደ ሰው ነገ የሰው ልጅ ምራቱን ቢክድ ማን ይደርስላታል? ልጄን እዚያ ቤት አላስገባም።»

ብዙ ልል ፈልጌ ነበር። አባቴ ክፉ አይደሉም ልል ነበር። ግን በልቤ ያልተቀበልኩትን ለቄስ እንዴት እናገራለሁ? መስቀላቸውን ተሳልሜ ሄድኩ።

ከእሷ ጋር ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ተገናኘን። አልቅሳ ነበር፤ እኔ ስደርስ ግን አቁማለች።

«ከቤቱ ውጣ» አለችኝ። «ወልዲያ እንሂድ። እዚያ ሆቴል አለ፣ ትቀጠራለህ፤ እኔም ዝውውር እጠይቃለሁ። አባቴን እኔ አሳምናቸዋለሁ። አንተ ብቻ ከዚያ ቤት ውጣ።»

«ማን ያበላቸዋል?» አልኳት። «ውኃ መቅዳት አይችሉም። እህቴ ሩቅ ናት።»

«እሳቸው እኮ አንተ የምታበላቸው መሆኑን እንኳ አያምኑም።»

ያለችው እውነት ነበር። አባቴም ያለ እኔ አንድ ሳምንት አይከርሙም፤ እሱም እውነት ነበር። ሁለቱን እውነቶች ይዤ ቆምኩ። እሷ ብዙ ጠበቀችኝ፤ ከዚያ የተማሪዎቿን ደብተሮች አቅፋ ሄደች።

አባቴ የሽማግሌዎቹ መልስ ሲመጣ ጥፋቱን ለጎረቤታችን ሰጡ። ደጃችንን እንዳትረግጥ ላኩባት፤ ፍየሎቿ ከመሬታቸው ተባረሩ። እሷም ደህና እደሩ ሳትል ቀረች። እንጀራ ከገበያ መግዛት ጀመርን። ደርቆ ይመጣል፤ አባቴ ያጉረመርማሉ። «የእሷ ይሻል ነበር» ይላሉ፤ ለምን እንደማትጋግርልን የረሱ ይመስላሉ። ለእኔ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም አንድ ምሳ ላይ፣ ፊታቸውን ሳያነሡ። «የካህን ቤት ለእኛ አይሆንም ነበር። ይኮራሉ።»

ያን ጊዜ ሰሃኑን አንስቼ ግድግዳ ላይ መወርወር አምሮኝ ነበር። አልወረወርኩም። ጨው ጨመር ላድርግ ወይ አልኳቸው። አዎ አሉኝ።

ቆይቼ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ውስጥ ተቀጠርኩ። ሹፌሮች፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች፣ ለሕክምና ከገጠር የመጡ ሰዎች ይበሉባታል። ስቴክ የሚጠይቅ የለም። ደረቅ ጥብስ፣ ዱለት፣ በጾም ሽሮ። ሰው በግልጽ ያየኛል፤ ምድጃው ከደጁ በኩል ነው። ሥራ አስኪያጁ የሚለኝ ሰው ቀስ በቀስ ጠፋ። አንዳንዱ ሲያየኝ ይደነግጣል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ያዛል። አባቴ እዚያ እንደምሠራ ያውቃሉ። ለሆስፒታል ቀጠሮ ባጃጅ ተኮናትሬላቸው ስንሄድ በዚያ በኩል ስናልፍ ወዲያ ያያሉ።

ጎረቤታችንን አልፎ አልፎ ገበያ አገኛታለሁ። ፍየሎቿን ሸጣለች። ስሜን ትጠራና ስለ አባቴ ጉልበት ትጠይቀኛለች፤ ስለ ሌላው አናነሣም።

የቄሱ ልጅ ወደ ወልዲያ ዝውውር አገኘች። ለብቻዋ። እዚያ አንድ ሰው አግብታለች ሲሉ ሰማሁ፤ ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። የምትሄድ ዕለት አውቶቡሱ መናኸሪያው ውስጥ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሞ ነበር። ከምድጃዬ ፊት ሆኜ አየኋት። ቄሱ ሻንጣዋን ለረዳቱ ሲያቀብሉ፣ እናቷ ስትስማት፣ እሷ በመስኮቱ በኩል ስትቀመጥ። ወደ ምግብ ቤቷ አቅጣጫ አየች። ጭሱ በመካከላችን ነበርና አየችኝ አላየችኝ አላውቅም። መጥበሻው ላይ የሹፌሩ ጥብስ ነበር፤ ሳይነሣ ልብላ ብሎ አጣድፎኛል። ጥዬ መውጣት እችል ነበር፤ ቢያርር ሌላ እሠራለታለሁ። አልወጣሁም። ጥብሱን አውጥቼ አቀረብኩለት፤ ቆሞ በጥድፊያ በላ፤ እጁን ታጥቦ ወጣና አውቶቡሱን ነዳ።

ማታ ቤት ስገባ አባቴ ደጃፉ ላይ ነበሩ።

«ዛሬ ምን አለ?» አሉኝ።

«ሽሮ ነው» አልኳቸው፤ ገብቼም እሳቱን አቀጣጠልኩ።